አንድ ያላት እንቅልፍ የላት፦ የስደተኛ ኮምፒውተር ሁለት ዲስክ ይኑረው

 

ዛሬ ስለ ሪሴትልመንት ወሬም ስለ ራሽንም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ኮምፒውተር ዲስክ ነው። "ደግሞ ዛሬ ምን ነካህ?" የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሡኝ፤ መጨረሻው የወረቀታችን ጉዳይ ነው። ወረቀት ለስደተኛ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ደግሞ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አቋሜን ሳላንዛዛ ላስቀምጥ። የስደተኛ ኮምፒውተር፣ የግልም ይሁን የማኅበር፣ ሁለት ዲስክ ይኑረው። አንዱ ዊንዶውሱንና ፕሮግራሞቹን ይያዝ፤ ሌላው ወረቀታችንን ብቻ ይያዝ። ላፕቶፕ ለመግዛት ሳንቲም ስታጠራቅሙ "ኮር አይ 5 ነው ኮር አይ 7?" እያላችሁ አትጨነቁ። ለፕሮሰሰሩ የምትጨምሩትን ገንዘብ ለሁለተኛ ዲስክ አውሉት። ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ፎርም ለመሙላት፣ ኦንላይን ለመማር የድሮው ፕሮሰሰር ይበቃል። የጠፋ ሰነድን ግን የትኛውም ፕሮሰሰር አይመልሰውም።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እናገራለሁ?

አገሩ ላይ ያለ ሰው የልደት ወረቀቱ ቢጠፋበት ቀበሌ ሄዶ ያወጣል። ትራንስክሪፕቱ ቢቃጠል ትምህርት ቤቱ መዝገብ አለው። እኛ ቀበሌያችንን ጥለን የመጣን ሰዎች ነን። መንግሥትን ሸሽቶ የወጣ ሰው ኤምባሲ ሄዶ "ቅጂ ስጡኝ" ቢል ራሱንም አገር ቤት ያለ ቤተሰቡንም አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል፤ በጥገኝነት ጉዳዩም ላይ ጥያቄ ሊያስነሳበት ይችላል። ስለዚህ በጉያችን ይዘናት የወጣናት የክርስትና ወይም የኒካህ ወረቀት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ የፖሊስ መጥሪያ፣ የልጆች የክትባት ካርድ ምትክ የላቸውም። ዋናው ወረቀት በዝናብ ይበሰብሳል፣ በእሳት ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ቤት ስንቀይር ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚቀረን ስካን ያደረግነው ብቻ ነው።

ስካኑስ የት ነው ያለው? አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ፣ ዴስክቶፑ ላይ፣ "ኒው ፎልደር 3" የሚል ፎልደር ውስጥ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ግን አንድ ብቻ ይዘን ለጥ ብለን እንተኛለን።

አሁን በእኛ ሰፈር ኮምፒውተር ሲታመም የሚሆነውን አስቡ። ቫይረስ ገባ፣ ቀርፋፋ ሆነ፣ አልነሳ አለ። ወደ ፉንዲ ይወሰዳል። የፉንዲው መድኃኒት ለሁሉም በሽታ አንድ ነው፦ ፎርማት። "ዳታ አለው?" ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ሰው ነው። ብዙው አይጠይቅም። ማታ ላፕቶፑ አዲስ መስሎ ይመለሳል፤ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው። የአምስት ዓመት ወረቀት ግን ላዩ ላይ የለም። የኢንተርቪው ቀጠሮ ደርሶ ማስረጃ ፍለጋ እያለቀሱ የመጡ እህቶችን በዚህ ሥራ አይቻለሁ። ፉንዲውን መርገም ይቻላል። ነገር ግን ሥርዓተ ክወናውንና ሰነዱን አንድ ማሰሮ ውስጥ ካስቀመጥን፣ ማሰሮው በታጠበ ቁጥር ሰነዱም አብሮ ይታጠባል።

ሁለት ዲስክ ሲኖር ነገሩ ይለያል። ዊንዶውሱ ቢበላሽ እሱ ያለበት ዲስክ ፎርማት ይደረጋል፤ የሰነዱ ዲስክ ምንም አይነካውም። እንዲያውም ወደ ፉንዲ ከመሄዳችሁ በፊት የሰነዱን ዲስክ ነቅላችሁ ቤት ማስቀመጥ ትችላላችሁ። የእኛ ኑሮ ደግሞ ድንገት ተነሥቶ መሄድ ያለበት ኑሮ ነው። ኮምፒውተሩን ጥላችሁ መሄድ ቢመጣ፣ በአራት ብሎን የተያዘችውን ዲስክ ፈትታችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ኮምፒውተር ሌላ ይገኛል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። "እኔ እኮ ሲ እና ዲ አለኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ሲ እና ዲ ስላያችሁ ሁለት ዲስክ አላችሁ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አንዱ ዲስክ ነው ለሁለት የተከፈለው፤ ፓርቲሽን ይሉታል። አንዲት የኪራይ ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍለን ሁለት ቤተሰብ እንደምንኖረው ማለት ነው። መጋረጃው ይጠቅማል፤ ጥንቁቅ ፉንዲ ሲን ብቻ ፎርማት አድርጎ ዲን ሊተውላችሁ ይችላል። ጣሪያው ካፈሰሰ ግን ሁለቱም ወገን ይረጥባል። ዲስኩ ራሱ ከሞተ ሲም ዲም አብረው ይሄዳሉ። እውነቱን ለማወቅ የዊንዶውስና የኤክስ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭናችሁ "ዲስክ ማኔጅመንት" የሚለውን ክፈቱ። "ዲስክ 0" እና "ዲስክ 1" ተብለው ለየብቻ ከተጻፉ ሁለት ናቸው። "ዲስክ 0" ብቻ ካለ መጋረጃ ነው።

እንዴት እናዘጋጀው?

1. የትኛው ዲስክ ለምን? ኤስኤስዲ የሚባለው የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፈጣን ነው፣ ሲወድቅም ይችላል። ዊንዶውስ እሱ ላይ ይሁን፤ 256 ጊጋባይት ይበቃል። አሮጌ ላፕቶፕ ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲዛወር እንደ አዲስ ነው የሚሆነው። የድሮው ባለ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ለሰነድ ይዋል፤ ርካሽ ነው፣ ሰፊ ነው። ሃርድ ዲስክ ሊሞት ሲል ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፤ ይንቋቋል፣ ይዘገያል፣ ፋይል አልከፍት ይላል። ኤስኤስዲ ግን ትናንት ደህና ውሎ ዛሬ ጭራሽ ላይታይ ይችላል፤ ከሞተ በኋላም ፋይል ማውጣት ይከብዳል። ሃርድ ዲስክ ያለበትን ላፕቶፕ ግን እየሠራ አታንቀሳቅሱት፣ አታጋጩት።

ስለ ስፋቱ አትጨነቁ። አንድ ስካን የተደረገ ገጽ 3 ሜጋባይት ቢሆን፣ 500 ጊጋባይት ዲስክ ከ150,000 ገጽ በላይ ይይዛል። 500 ብላችሁ የገዛችሁት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 465 ብሎ ቢታይ ደግሞ ሻጩ አጭበረበረኝ አትበሉ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።

2. ቦታ አለው? ዴስክቶፕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ለሁለተኛ ዲስክ ቦታ አለው፤ የሳታ ገመድና የኃይል ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ላፕቶፕ ከሆነ ገልብጣችሁ እዩት። የሲዲ ማጫወቻ ካለው እሱን አውጥታችሁ በቦታው ካዲ የሚባል ዲስክ መያዣ ማስገባት ትችላላችሁ። ካዲ ሁለት ውፍረት አለው፤ 9.5 ሚሊሜትርና 12.7 ሚሊሜትር። ሳትለኩ አትግዙ። ኤስኤስዲውን በዋናው ቦታ፣ ሃርድ ዲስኩን በካዲው ውስጥ አስገቡ። አንዳንድ ላፕቶፖች ደግሞ ኤም ዶት 2 የሚባል የቀጭን ኤስኤስዲ ቦታ አላቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ የሳታና የኤንቪኤምኢ የሚባሉት ሁለት ዓይነቶች መልካቸው ይመሳሰላል፤ አንዱን የሚቀበል ማሽን ሌላውን ላይቀበል ይችላል። ሉቱሊ ጎዳና ስትሄዱ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ገጥሞና አስነሥቶ ሳያሳያችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

3. ዊንዶውስ ሲጫን የሰነዱ ዲስክ ይነቀል። ይህ ትልቁ ነገር ነው። ሁለቱም ዲስክ ተሰክቶ ዊንዶውስ ከተጫነ፣ አንዳንድ ጊዜ የማስነሻ ፋይሉን ሌላኛው ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል። በኋላ ያንን ዲስክ ስታወጡት ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። በስሕተት የተሳሳተውን ዲስክ ፎርማት የማድረግ አደጋም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ኤስኤስዲው ብቻ ገብቶ ዊንዶውስ ይጫን፤ ተነሥቶ ሲሠራ ሁለተኛው ይሰካ። ሁለተኛው ባዶና አዲስ ከሆነ ጂፒቲ፣ ከዚያ ኤንቲኤፍኤስ ብላችሁ አዘጋጁት። ሰነድ ያለበት የድሮ ዲስክ ከሆነ ግን ዊንዶውሱ "ኢኒሻላይዝ" ወይም "ፎርማት ላድርግ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ እሺ አትበሉት! ነቅላችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

4. ፎልደሮቹን አዛውሩ። ሁለት ዲስክ እያለው ሰነዱ አሁንም ሲ ላይ የሚከማችበት ሰው ብዙ ነው። ምክንያቱም "ዴስክቶፕ"፣ "ዶክዩመንትስ"፣ "ዳውንሎድስ" የሚባሉት ሁሉ ሲ ላይ ናቸው። አንድ በአንድ በቀኝ ክሊክ "ፕሮፐርቲስ"፣ ከዚያ "ሎኬሽን"፣ ከዚያ "ሙቭ" ብላችሁ ዲ ላይ ወዳዘጋጃችሁት ፎልደር አዛውሯቸው። ዴስክቶፑንና ዶክዩመንትሱን ዋን ድራይቭ ይዞት ከሆነ አስቀድማችሁ ከእሱ አላቅቁት። ከዚያ በኋላ ልጆቹም ሆኑ እናቶች እንደ ለመዱት ዴስክቶፕ ላይ ቢያስቀምጡም ፋይሉ የሚያርፈው ሰነዱ ዲስክ ላይ ነው።

5. ያገለገለ ዲስክ ከገዛችሁ መርምሩት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ወይም መጥፎ ነው ብሎ ይነግራችኋል፤ ስንት ሰዓት እንደሠራም ያሳያል። "ጥንቃቄ" ያለውን ዲስክ ለሰነድ አትመኑት። በመንገድ ዳር በርካሽ "16 ቴራባይት ነው" ተብሎ የሚሸጥላችሁን ትንሽዬ ኤስኤስዲ ደግሞ ሩቅ ሁኑለት። ውስጡ ትንሽ ፍላሽ ተደርጎ ሰፊ እንዲመስል የተሠራ ነው፤ ሲሞላ ፋይላችሁን ይበላዋል።

የሚስጥራችን ጉዳይ

በዲስካችን ላይ ያለው የራሳችን ወረቀት ብቻ አይደለም። ለጥገኝነት የሰጠነው ቃል አለ፣ አገር ቤት የቀሩ ሰዎች ስም አለ፣ የማኅበር አባላት ዝርዝር ከነስልካቸው አለ። ይህን ተሸክሞ ላፕቶፕን ለማያውቁት ሰው ሦስት ቀን ትቶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? አታስፈልጉትም፣ ታውቁታላችሁ። ሁለት ዲስክ እዚህም ይጠቅማል፤ የሰነዱ ዲስክ ከቤት አይወጣም።

ከዚህ በላይ የፈለገ ዲስኩን በይለፍ ቃል ይቆልፍ። ዊንዶውስ ፕሮ ያላችሁ ቢትሎከር አላችሁ፤ ሌላው ቬራክሪፕት የሚባለውን በነጻ መጠቀም ይችላል። ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የቬራክሪፕት የይለፍ ቃል ከጠፋ የሚከፍትላችሁ ሰው የለም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በማይክሮሶፍት አካውንት ስትገቡ ዲስኩን ራሱ ሊቆልፈው ይችላል። መክፈቻው 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ነው። ዛሬውኑ ፈልጋችሁ በወረቀት ጻፉት፤ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጪ አስቀምጡት። ኮምፒውተር ስትሸጡም "ደልቼዋለሁ" ብላችሁ አትመኑ። የተደለተ ፋይል ተመልሶ ሊወጣ ይችላል። የሰነዱን ዲስክ አስቀሩና ማሽኑን ብቻ ሽጡ።

ሁለት ዲስክ ብቻውን አይበቃም

ሁለቱም ዲስክ አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ሌባ ሳጥኑን ሲወስድ ሁለቱንም ይወስዳል፤ እሳትም እንዲሁ። አንዳንድ ቴክኒሻን ደግሞ "ሬይድ ልሥራላችሁ፣ አንዱ ላይ ያለው በሌላውም ይጻፋል" ይላል። ጥሩ ነገር ነው፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ያድናል። ግን በስሕተት ፋይል ስትደልቱ ከሁለቱም ይደለታል፤ ቫይረስ ሲገባም ሁለቱንም ያገኛል። ሬይድን መጠባበቂያ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

በዚህ ሥራ የታወቀ ደንብ አለ፦ 3፣ 2፣ 1። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለእኛ ኑሮ ስተረጉመው እንዲህ ነው። አንዱ ቅጂ የሰነዱ ዲስክ ላይ። ሁለተኛው በኤክስተርናል ዲስክ ወይም በደህና ፍላሽ ላይ፤ በሳምንት አንድ ቀን ተሰክቶ ይገለበጥበት፣ ከዚያ ይነቀል፣ ለፊልም መለዋወጫ አይዋስ፣ ሳይበር ቤትም አይሰካ። ሦስተኛው ከእናንተ ቤት ውጪ።

"ጉግል ድራይቭ እያለ ምን ያደክመናል?" ትሉ ይሆናል። ጉግል 15 ጊጋባይት በነጻ ይሰጣል፣ ተጠቀሙበት፤ ሦስተኛው ቅጂ እሱ ሊሆን ይችላል። ብቸኛው አይሁን እንጂ። ዳታ ባለቀበት ቀን ሰነዳችሁ አይከፈትም። አካውንቱ የሚጠይቃችሁ ኮድ ብዙ ጊዜ የሚላከው በስልክ ቁጥር ነው፤ የእኛ ሲም ካርድ ደግሞ አገር ስንቀይር፣ ስልክ ሲሰረቅ፣ መታወቂያችን ሲያልፍ ይዘጋል። ከአዲሳባ ቁጥር ጋር የታሰረ ኢሜይላችሁን ናይሮቢ ሆናችሁ መክፈት ያቃታችሁ ስንት ናችሁ? "ስልኬ ላይ ፎቶ አንሥቼዋለሁ" የምትሉም፣ ስልክ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነጠቅ ኢስትሊ የምትኖሩ ንገሯቸው።

ከውጭ ላላችሁ ዘመዶቻችን

ቶሮንቶ፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ያላችሁ ወንድም እህቶቻችን፣ ላፕቶፕ ላኩልን እያልን እንደምናስቸግራችሁ አውቃለሁ። ልመናችንን ላቅልላችሁ። ሰው ሲመጣ ዲስክ ብቻ ላኩ። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ኪሎ አይይዝም፣ ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋው በብዙ ያንሳል። እዚህ ያለው አሮጌ ማሽን በእሱ ይታደሳል።

ሁለተኛው ልመና ገንዘብ አይጠይቅም። የእናታችሁን፣ የወንድማችሁን ሰነድ ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀምጡ። ከቤት ውጪ የሚሆነው ሦስተኛ ቅጂ ከእናንተ ቤት የተሻለ ቦታ የለውም። ለቤተሰብ ማገናኘት ስታመለክቱ ዝምድናውን የሚያሳዩ ፎቶዎችና ወረቀቶች የምትፈልጉት እናንተው ናችሁ። በዚያ ቀን ከምንሯሯጥ ዛሬ ይቀመጥ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚባለው ለዚህ ነው።

ለማኅበራትና ለረጂዎች

የስደተኛ ማኅበራት መሪዎች፣ የአባላት መዝገብ በጸሐፊው የግል ላፕቶፕ ላይ ብቻ መኖር የለበትም። ጸሐፊው ሪሴትል ሲሆን መዝገቡም አብሮት ይበራል። ለቢሮ አንድ ዴስክቶፕ ከሁለት ዲስክ ጋር ይኑር፤ ቅጂው በሁለተኛ ሰው እጅ ይቆለፍ። መብራት ድንገት ጥርግ ሲል ፋይል እንዳይበላሽ አቅም ካለ አነስተኛ ዩፒኤስ ይጨመርበት።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ብዙ ደህና ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 11ን ስለማይቀበሉ "አሮጌ" ተብለው ከየቢሮው ይወጣሉ። እነዚህን የምትለግሱን ድርጅቶች፣ እጃችሁን አናሳፍርም፣ እንቀበላለን። ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ነጻ ሥርዓት በብዙዎቹ ላይ ደህና ይሠራል። ግን አሥር ኮምፒውተር አንድ አንድ ዲስክ ይዞ ከሚመጣ፣ ስምንት ኮምፒውተር ሁለት ሁለት ዲስክ ይዞ ይምጣ። ቁጥሩ ለሪፖርት ያንሳል፣ ለእኛ ግን ይበልጣል። ለምርቃቱ ቀን ፎቶ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ ሰነዱ መኖሩን አስባችሁ ስጡን።

ወገኖቼ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ሦስት ነገር አድርጉልኝ። አንደኛ፣ ዲስክ ማኔጅመንት ከፍታችሁ ስንት ዲስክ እንዳላችሁ እዩ። ሁለተኛ፣ ሁለተኛ ዲስክ እስክትገዙ ድረስ ዋና ዋናዎቹን ሰነዶች ዛሬ ማታ በፍላሽ ገልብጡና ከላፕቶፑ ርቆ አስቀምጡት። ሦስተኛ፣ ለአንድ የምታምኑት ዘመድ ቅጂ ላኩ። ካዲ የት እንደሚገኝ ወይም የትኛው ላፕቶፕ ቦታ እንዳለው የምታውቁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ዋጋውንም ንገሩን፣ ሌላው እንዳይጭበረበር።

ፌስቡክ ለማያዩት እናቶችና አባቶች ልጆቻቸው አንብቡላቸው። ሼር አድርጉ፣ ለወገን ይድረስ።

ቸር ያሰንብተን።